የሞተረኛ ጣቶች

አዲስ አበባን በካርታ ብቻ የሚያውቃት እንግዳ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ መቀመጧን ተመልክቶ፣ በዚህች ከተማ ብርድ የሚባል ነገር ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም፤ በወርኀ ታኅሣሥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ከደጅ ብቅ ባለ ጊዜ ግን፣ የቆመበት መሬት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ እንዳለው ማንም ሳይነግረው በአፍንጫው ጫፍ ይረዳዋል። ከዚያ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ሰፈራችን ሩዋንዳ፣ ስሟን ከሩዋንዳ ኤምባሲ ብትወስድም፣ ከስሟ ባለቤት አገር የአየር ጠባይ አንዳች ርስት አልተካፈለችም። ኪጋሊ ከአዲስ አበባ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የተቀመጠች፣ ዓመቱን ሙሉ ለዘብ ያለ ሙቀት የማይለያት ከተማ ስለ ሆነች፣ በዚያ ተሳፋሪ የሚያመላልሱት እጅግ ብዙ ሞተረኞች የሚያሳስባቸው ለደንበኛቸው የሚሰጡት ሁለተኛ የራስ ቁር እንጂ የጣታቸው መደንዘዝ አይደለም። በእኛ ሩዋንዳ ግን የታክሲው ረዳት ገና ጎሕ ሳይቀድ «ሩዋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ፣ ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት ከቃሉ ቀድሞ ይታያል።

ሊቃውንት ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተፈጠረ ያስተምራሉ፤ የሞተረኛው ነገር ሲመረመር ግን፣ ከአራቱ አንዱ የሆነው ነፋስ በሦስቱ ላይ ያለ ፍርድ ተሹሞ ይገኛል። እግረኛው በብርድ ቢነሣ እርምጃውን ያፈጥናል፣ በፈጠነም መጠን ይሞቀዋል፤ ሞተረኛው ግን በፈጠነ ቁጥር ብርዱን ራሱ እያመረተ ራሱ ይቀበለዋል። የአየር ጠባይ አዋቂዎች ባወጡት ሒሳብ፣ አየሩ 8 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በተገለጠ ቆዳው ላይ የሚሰማው ብርድ፣ ነፋስ በሌለበት ስፍራ 3 ዲግሪ ግድም ከሚሆነው ብርድ ጋር እኩል ነው። ይህም የሚበረታው ኅዳር 12 ቀን የከተማው ጉድፍ ሁሉ ታጥኖ ካበቃ በኋላ፣ ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ ምእመናን ከቅቤና ከሥጋ በተለዩበት ወራት በመሆኑ፣ ጿሚው ሞተረኛ ከውጭም ከውስጥም መከላከያ አጥቶ ይቀራል። (የክረምቱ ዶፍና በረዶ ራሱን የቻለ ሌላ መከራ ነውና፣ ስለ ዝናብ ልብስ በሚጻፍበት ዕለት ይጻፋል።)

የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ካገደ ወዲህ፣ በየመንገዳችን የሚታየው ሞተረኛ ለመዝናናት የወጣ ጐረምሳ መሆኑ ቀርቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ባለው ድርጅት ስም ዕቃ፣ ደብዳቤና ምግብ የሚያደርስ የሥራ ሰው ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝም የሚያስቀኝም ምግብ አድራሹ ነው። ከበስተ ኋላው የጫነው ትልቅ ሣጥን ውስጡ ብርድ እንዳይገባው ተደርጎ በወፍራም ስፖንጅና በሚያብረቀርቅ ሽፋን የተለበጠ ስለ ሆነ፣ ከኤድና ሞል አካባቢ የተነሣው ፒዛ ሩዋንዳ እስኪደርስ ሙቀቱ ሳይለየው በክብር ይጓዛል፤ ከሣጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነፋሱን የሚሰነጥቅለት ሰው ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የተመደበለት አይደለም። ፒዛው ቢቀዘቅዝ ደንበኛው ስልክ ደውሎ ይከሳል፤ ነጂው ቢቀዘቅዝ ግን ለማን ይከሰስለታል?

ነገሩ የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ወጣት ነው፣ ይችለዋል» ብለን ማለፍ በተቻለን ነበር። ሰውነታችን ግን ብርድ በበረታበት ጊዜ ልብንና ሳንባን የመሳሰሉትን የውስጥ አካላት ለማዳን ሲል ወደ ጣቶች የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ስለዚህ አስቀድመው ከአገልግሎት የሚሰናበቱት ጣቶች ናቸው። የሞተረኛ ሕይወት ደግሞ በእነዚሁ ጣቶች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ቀኝ እጁ ነዳጅ መስጫውንና የፊቱን ፍሬን፣ ግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ይዞ ይውላልና። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር ሞተር በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት 7 ሜትር ተጉዞ፣ ከቦሌ ሚካኤል ጫፍ ዘው ብሎ የወጣውን ሚኒባስ በሩን አንኳኩቷል ማለት ነው።

አበው ለብርድ መፍትሔ አላጡለትም። የመንዝ ሰው በርኖሱን ደርቦ፣ የከተማውም ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይመክተው ነበር። ነገር ግን ጋቢ ለእግረኛና በበቅሎ ለተቀመጠ ሰው የተገባ ልብስ እንጂ፣ ካቴናና ጎማ በእግሩ ሥር ለሚሽከረከርበት ሰው የተገባ አይደለም። በ1927 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ኢሳዶራ ደንከን የተባለችው ስመ ጥር አሜሪካዊት ዳንሰኛ በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ በክፍት አውቶሞቢል ስትሄድ፣ ረጅሙ የአንገት ልብሷ በጎማው ተጠምጥሞ ለሞት እንዳበቃት የሚያውቅ ሰው፣ ጋቢውን እያውለበለበ ሞተር የሚነዳ ጎረቤቱን አይቶ ዝም ሊል አይገባውም። የቀድሞ ሞተረኞች ጋዜጣ አጣጥፈው በጃኬታቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያኖሩ ነበር፤ በዚህ ረገድ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን፣ ከማሳወቅና ከማስተማር በላይ ሦስተኛ አገልግሎት ሳይሰጥ አልቀረም። የዛሬ ወጣት ወሬውን ሁሉ በስልኩ ስለሚያነብ፣ ወሬው ቢበዛለትም ደረቱ ላይ የሚያነጥፈው ገጽ አጥቷል። በጓንት ውስጥ ፌስታል ማጥለቅም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ነፋሱን በእውነት ይከለክላል፣ ላቡንም አብሮ ስለሚከለክል ግን ጥቂት ቆይቶ እጅ በገዛ ውሃው ይቀዘቅዛል። አረቄ መቅመስ ይበጃል የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ሰዎች ከብርዱ ይልቅ አረቄውን የሚወዱ ናቸው። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀት የተሰማን ያስመስላል እንጂ፣ በተከፈተው በር የሚወጣው ራሱ የውስጡ ሙቀት ስለ ሆነ፣ ጠጪው ሞቀኝ እያለ ይቀዘቅዛል፤ መንገዱን መሳቱና ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቆጠሩ ማለቴ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው፣ ሞተረኛው በብርድ የሚሞተው እሳት ታቅፎ መሆኑ ነው። ከሚያቃጥለው ቤንዚን ውስጥ ጎማውን ለማዞር የሚውለው ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ በማርሚታውና በሞተሩ ክንፎች በኩል ለሰማይ አዕዋፍ ይሰጣል። በወሎ ሰፈር መብራት ላይ ቀይ ሲበራ ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ፣ ሞተረኞቹ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በሞተሩ ጎን ሲያሞቁ ታያላችሁ፤ አረንጓዴው የሚበራው ግን ሁልጊዜ ጣቶቹ ሕይወት መዝራት በጀመሩበት ቅጽበት ነው። ጉልበቱ ሥር የሚባክነውን እሳት ከአንድ ሜትር ያነሰ መንገድ አሳልፎ ወደ ጣቶቹ የሚወስድለት መልእክተኛ ቢያገኝ፣ መከራው ሁሉ በቀለለ ነበር። መልእክተኛውም አለ፤ ኤሌክትሪክ ይባላል፤ ጠባዩን ሳያውቁ ለሚልኩት ግን የዋህ አገልጋይ አይደለም።

የጀርመኑ መምህር ጌኦርግ ኦም በ1827 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ በገፊው ቮልቴጅ ልክ እንደሚጨምር፣ በሽቦውም ተቃውሞ ልክ እንደሚቀንስ ገለጸ፤ የዘመኑ ሊቃውንትም ይህን የመሰለውን ትምህርት መጀመሪያ በቀዘቀዘ ልብ ተቀበሉት። ከእርሱ በኋላ በማንቸስተር አጠገብ በሳልፎርድ የተወለደው የቢራ ጠማቂ ልጅ ጄምስ ጁል፣ በ1841 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ሲሆን የሚወጣው ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አስረዳ። ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ የእነዚህ የሁለት ሰዎች ደቀ መዝሙር ነውና። በሸክላው ጀርባ በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ ተጠምጥሞ በጀሶ የታተመው ሽቦ፣ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 የፈጠራ መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ውህድ ሲሆን፣ የሞተረኛን እጀታ የሚያሞቀውም ብዙውን ጊዜ የዚሁ ሽቦ ታናሽ ወንድም ነው። ምጣዱ 3,500 ዋት ያህል ሲፈልግ ሁለቱ እጀታዎች የሚፈልጉት 36 ዋት ግድም ነው፤ ማለት ሞተረኛው በመዳፉ የሚጨብጠው የአንድ ምጣድ አንድ መቶኛ ነው።

ምጣድ የሚያስተምረን ሌላ ነገርም አለ። የምጣድ ሽቦ ሲቃጠል ጠጋኙ የተበጠሰውን ጫፍ ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ስቦ ያያይዘዋል፤ እመቤቲቱም በማግሥቱ ምጣዱ ከወትሮው ይልቅ ፈጥኖ መጋሉን አይታ ጠጋኙን ትመርቃለች። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ተቃውሞው ስለሚቀንስ፣ ኮረንቲውም ስለሚበዛ፣ የተመረቀው ምጣድ እንጀራውን ማሳረር ይጀምርና ከፊተኛው ባነሰ ዕድሜ ዳግመኛ ይቃጠላል። ይህን ያስተዋለች ባልቴት ኦምን ሳታነብ ኦምን አውቃለች።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የትንሽ ሞተር ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ 36 ዋት በ12 ቢካፈል 3 አምፔር ይሆናል። ከባትሪዎቹ ብዙዎቹ በ5 አምፔር ሰዓት የሚለኩ ትንንሾች ስለ ሆኑ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እጀታውን ብቻ የሚያሞቅ ሰው፣ በወረቀት ላይ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ በተግባር ግን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ባትሪውን ጨርሶ ሞተሩን እየገፋ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እርግጥ ነው፣ መግፋትም ያሞቃል። ሞተሩ ሲሠራ ግን ከፋዩ ባትሪው ሳይሆን ዲናሞው ነው፤ ስለዚህ የነገሩ ሁሉ መሠረት «ዲናሞው ስንት ይሰጣል? ስንቱስ ተበልቷል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ በትክክል ሲጠየቅ የሰማሁት ከሩዋንዳ ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጠባብ ሱቆች በአንዱ ውስጥ በሚሠራ የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ነው። አንድ ጎረቤቴ የሆነ ወጣት ሞተረኛ፣ እኅቱ ከጀርመን የላከችለትን የሚሞቁ እጀታዎች ሊያስገጥም ሲሄድ፣ ምናልባት ሽማግሌ አብሮት ቢኖር ዋጋው ይቀንስልኛል ብሎ አስቦ ኖሮ አስከትሎኝ ሄደ። ባለሙያው ሞተሩን ከፊት እስከ ኋላ ዙሪያውን አየውና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ይህ ልጅ ያመጣልኝ ሞተር ነው ወይስ ዳንስ ቤት?» አለኝ። እውነትም በሞተሩ ላይ ከፋብሪካው የመጣው መብራት ሳያንስ፣ ሁለት ተጨማሪ የፊት መብራቶች፣ የስልክ መሙያ፣ ዘፈን የሚያሰማ ድምፅ ማጉያና በጎኑ የተለጠፉ አረንጓዴና ሐምራዊ አምፖሎች ነበሩበት።

«አንተ ልጅ፣ ዲናሞህ ስንት ይሰጣል?» አለው።

«እኔ እንጃ፣ ብቻ ሁልጊዜ ይሰጣል» አለ ልጁ።

ባለሙያው ይህን መልስ በትዕግሥት ተቀብሎ፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ይጽፍ ጀመር፤ የፊት መብራት 35 ዋት፣ የኋላ መብራት 5፣ ሁለቱ ተጨማሪ መብራቶች 40፣ ስልክ መሙያ 10፣ ዘፈኑ ከነሐምራዊ አምፖሎቹ 20፣ አሁን የሚመጡት እጀታዎች 36፤ ድምሩም የካንዴላው እሳት ገና ሳይቆጠር 146 ሆነ። «የዚህ ሞተር ዲናሞ ደግሞ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ 100 ግድም ነው፤ በወሎ ሰፈር መጨናነቅ ውስጥ ቆመህ ስትንተፋተፍ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱን ማን ይከፍልልሃል? ባትሪህ! እርሱስ ከየት ያመጣል?» አለው። የደመወዝና የወጪ ነገር በአገራችን ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሲተነተን ሰምቼ ስለማላውቅ፣ እኔም በልቤ የቤቴን የወር አስቤዛ ደመርሁ።

የተሰጠው ፍርድም ይህ ነበር፦ ዘፈኑና ሐምራዊው አምፖል ይወገዱ፤ ሁለቱ ተጨማሪ መብራቶች ይነሡ፤ የፊቱ የ35 ዋት አምፖል 15 ዋት በሚበላ ኤል.ኢ.ዲ. ይለወጥ። እንዲህ ሲሆን ወጪው ሁሉ፣ እጀታዎቹ ተጨምረው፣ 66 ዋት ይሆናል። ልጁ ስለ እጀታው ደስ ቢለውም ስለ ዘፈኑ ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻም አምፖሎቹን ለመስጠት ተስማምቶ፣ ድምፅ ማጉያው ብቻ እጀታው በማይበራበት ጊዜ እንዲዘፍን ተፈቀደለት። ብርድ በሌለበት ጊዜ ይዘፍናል ማለት ነው።

ባለሙያው በሥራው መካከል ያስተማረን ነገር ብዙ ቢሆንም፣ ስለ ፊዩዝ የተናገረው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ሞተረኛ፣ ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ፣ የአሮጌ ምጣድ ሽቦ ቆርጦ በመሪው እጀታ ላይ ይጠመጥምና፣ ከላዩም ከሥሩም ናስትሮ ጠቅልሎበት፣ ያለ ምንም ፊዩዝ ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል። ሽቦው እጅግ አጭር ስለ ነበረ ተቃውሞው ከቁጥር አይገባም ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ እጁ ሞቀ፣ ቀጥሎ ጓንቱ ሞቀ፣ ቀጥሎም ናስትሮው ቀለጠ፣ በመጨረሻ የተራቆተው ሽቦ የመሪውን ብረት ሲነካ ከባትሪው እስከ መሪው ያለው ገመድ ሁሉ በአንድነት ጢሱን አትጎለጎለ፤ ያየ ሁሉ ኅዳር 12 ሳይደርስ የሚታጠን ሞተር አየሁ ብሎ አወራ። ከባትሪው በሚወጣው ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው በቅርብ ርቀት፣ 5 አምፔር የምትችል አንዲት ፊዩዝ ተቀምጣ ብትሆን ኖሮ፣ ራሷን ስለ ገመዶቹ ሁሉ ቤዛ አድርጋ በቅጽበት ትቀልጥና ነገሩ በጥቂት ብር ያልቅ ነበር። ፊዩዟን ከባትሪው አርቆ የሚያስቀምጥም ሰው፣ በመካከል ያለውን ገመድ ያለ ቤዛ እንደ ተወው ይወቅ።

ሁለተኛው ትእዛዝ ስለ ሪሌ ነው። እጀታው በቀጥታ ከባትሪ ከተገናኘ፣ ሞተሩን አቁሞ ቁልፉን ነቅሎ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ማጥፋቱን ቢረሳ፣ እጀታው ሌሊቱን ሙሉ ማንንም ሳያሞቅ ሲሞቅ ያድራል። ስለዚህ የኋላ መብራቱ በሚበራበት መስመር የምትታዘዝ ትንሽ ሪሌ በመካከል ትገባለች፤ ቁልፉ ሲዘጋ እርሷም ትዘጋለች።

ሦስተኛው ነገር የሁለቱ እጆች አለመተካከል ነው። ግራው እጀታ በቀጥታ በመሪው ብረት ላይ ስለሚቀመጥ ብረቱ ሙቀቱን ይሻማዋል፤ ቀኙ ግን ነዳጅ ለመስጠት በሚሽከረከረው ፕላስቲክ ላይ ስለ ሆነ ሙቀቱ አይሸሽበትም። ይህን ያላሰበ ሰው ቀኝ እጁ ሲለበለብ ግራ እጁ ይቀዘቅዝበታል፤ ስለዚህ በግራው ብረት ላይ አስቀድሞ ቀጭን የጎማ ሽፋን ማልበስ ይበጃል። የቀኙ ገመድ ደግሞ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር አብሮ ስለሚታጠፍ፣ ላላ ተደርጎ በቂ ትርፍ ካልተተወለት በጥቂት ወራት ውስጥ ይበጠሳል። ሙቀቱን በሁለት ደረጃ ለመክፈልም ብዙ ብልሃት አያስፈልግም፤ እያንዳንዳቸው 8 ኦም የሆኑት ሁለቱ እጀታዎች ጎን ለጎን ሲገናኙ 36 ዋት፣ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ ሲገናኝ ግን 9 ዋት ብቻ ይወስዳሉና፣ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ የታኅሣሥን ሌሊትና የመጋቢትን ማለዳ ትለይላቸዋለች። በመጨናነቅ ውስጥ ዝቅተኛው ይበራል፤ ቀለበት መንገድ ላይ ሲወጡ ከፍተኛው። ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ ቴስተሩን በባትሪው ላይ ለክቶ አሳየን፤ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም በርቶ ከ13.5 በላይ ሆነ። «ሁሉን አብርተህ እየሄድህ ከ13 በታች ከወረደ፣ ከተቀማጭ እየበላህ ነውና አንዱን አጥፋ» አለው፤ ልጁም ወዲያው ወደ ድምፅ ማጉያው ተመለከተ።

እኔ ግን ለጣት ከሚደረገው ይልቅ ለደረት የሚደረገው ይበልጣል ከሚሉት ወገን ነኝ። ደረቱ የሞቀ ሰው ሰውነቱ ደሙን ከጣቶች የሚነፍግበት ምክንያት ስለሚያጣ፣ ጣቶቹ ከውስጥ ይሞቃሉ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክፍት በሆኑ አውሮፕላኖች ወደ ከፍታ የሚወጡ አብራሪዎች ኮረንቲ ያለበት ልብስ ለብሰው ነበር። ዛሬ በሩዋንዳ ጣሪያዎች ላይ እያገሣ የሚያልፈው ጄት ከ10,000 ሜትር ከፍታ ሲደርስ በውጭ ያለው ብርድ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ይሆናል፤ ተሳፋሪው ግን በሸሚዝ ተቀምጦ ተጨማሪ ቡና ይጠይቃል። የአብራሪዎቹ ጥበብ ወደ ሞተረኞች ወርዶ ባለ ኮረንቲ ሰደርያ ሆኗል፤ ነገር ግን ሰደርያው ከ60 እስከ 90 ዋት ስለሚፈልግ፣ ባለ ትንሽ ዲናሞ ሞተር አይችለውም። ወደ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር በጠዋት ለሚነዳ፣ ትልቅ ሞተር ላለው ሰው ግን እመክረዋለሁ፤ የአገሪቱ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዚያች ከተማ የተተከለው ያለ ነገር አይመስለኝም። አቅሙ ለማይፈቅድ ከሞተር ዘይት ዕቃ ተቆርጦ ከመሪው ፊት የሚታሰር የእጅ መከላከያ አለ፤ አንዲት ዋት አይበላም፣ ነፋሱንም ግማሽ በግማሽ ያስቀራል። መልኩ አያምርም፤ ያም ቢሆን ያበጠ ጣት ከዚያ የባሰ አያምርም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከባትሪ በቀር ምንም የማያውቁ ሞተሮችም በሰፈራችን እየበዙ ነው። እነዚህ በወሎ ሰፈር መብራት ላይ መዳፍ የሚያሞቁበት የጋለ ብረት እንኳ የላቸውም። በሌላ በኩል ግን ኮረንቲያቸው ብዙ ነው፤ 60 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ፣ እጀታዎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወስዱት ከመቶ ሦስት እጅ ብቻ ነው። ነገር ግን እጀታውን ከዋናው ባትሪ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ፤ ሞተሩ 72 ቮልት ከሆነ ቮልቴጁ ስድስት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሠላሳ ስድስት እጥፍ ይሆናልና፣ የ36 ዋቱ እጀታ 1,296 ዋት ሆኖ ያርፈዋል። ይህም የምጣድ ሲሶ ይበልጣል፤ እንጀራ ባያወጣም ቂጣ ያበስላል። ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር በመካከል ይግባ፤ ፊዩዝም ይኑረው።

የሚቀረኝ ልመና ነው፤ እርሱም ለሁለት ወገን ነው። ምግብና ዕቃ በሞተር የምታደርሱ የድርጅት ባለቤቶች፣ ለፒዛው ሣጥን የከፈላችሁትን ያህል ለነጂው እጀታ ብትከፍሉ አትከስሩም፤ ጣቱ የማይደነዝዝ ነጂ ዕቃውንም ራሱንም በደህና ያደርሳልና። ምሽት ላይ እቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምታዝዙ ጎረቤቶቼም፣ ሞተረኛው በር ሲያንኳኳ ቶሎ ክፈቱለት፤ ዝርዝር ፍለጋ አታቁሙት፣ በቴሌብር የምትከፍሉ እንደ ሆነም ቀድማችሁ ክፈሉ፤ መድረሱን ለማየት ጓንቱን ማውለቅ አለበትና።